ከጓሮ የወጣ ጣውላ

በከምባታ ካለችው ከሀደሮ ገበያ ወጥቶ ወደ ገጠሩ ቀበሌዎች የሚያቀና ሰው ጫካ ቢፈልግ አያገኝም፤ ዛፍ ግን ከዓይኑ አይጠፋም። ቤቱ ከእንሰት ጀርባ ተሸሽጓል። በእንሰቱ መሀል ቡና፣ ከቡናው በላይ ዋንዛ፣ ብርብራ፣ ብሳናና አቮካዶ ተደራርበው ይታያሉ። አጥሩን ኮርች ይዞታል፤ ከእርሻው ዳር ባሕር ዛፍ በመስመር ቆሟል። የብዙው ቤተሰብ ይዞታ ግማሽ ሄክታር እንኳ አይሞላም። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ በከምባታ ጠምባሮ ዞን በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ላይ ከ500 በላይ ሰው ይኖር ነበር። ሰው እንዲህ በተጠጋጋበት ምድር ይህን ያህል ዛፍ የቆመው በገበሬው ዕውቀት ነው። የሀገሪቱ የደን ሳይንስ ግን ይህን ጓሮ እስኪያየው ድረስ ከመቶ ዓመት በላይ በሌላ በኩል ዞሯል። የምተርከው ያንን ዙሪያ ጥምጥም መንገድ ነው።

መጀመሪያ ጓሮው ነበር። በሀዲያም በከምባታም «ዌሳ» የሚባለው እንሰት ከቤቱ አጠገብ ይተከላል፤ የከብቱ ፍግ በየማለዳው የሚደርሰው እዚያ ነውና። ዛፉም እንደየሥራው ቦታ ነበረው። ብሳና ቅጠሉን አርግፎ አፈሩን ያለሰልሳል። ኮርች ቅርንጫፉ መሬት ላይ ሲተከል ሥር ሰድዶ ሕያው አጥር ይሆናል። ብርብራ ለቡናው ጥላ ነው። ዋንዛ ግን የሁሉም ዓይን የሚያርፍበት ነው፤ እንጨቱ ቀለል ይላል፣ ለመጥረቢያም ለመሮም አያስቸግርም፣ ቀለሙም ያምራል። በር፣ ሙቀጫ፣ ቀፎና ከበሮ የሚወጣው ከእሱ ነው። ለመስቀል በዓል፣ ሀዲያው ያሆዴ፣ ከምባታው መሳላ ለሚለው፣ ማገዶ ቀድሞ ተፈልጦ ይደረደራል፤ ወንዶቹ ለዚህ የሚሆነውን ዛፍ ከወራት በፊት በዓይናቸው ለይተው ይይዙታል። አባት ለልጁ ያስተማረው የዛፍ አያያዝ በመጽሐፍ አልሰፈረም። ዕውቀት መሆኑን ግን አልጠራጠርም፤ የተተከለው፣ የተገረዘው፣ የተቆረጠው ሁሉ በስሌት ነበር።

ከዚህ ጓሮ ርቆ፣ በ1879 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተቆረቆረች። ከተማዋ እንጨትን በላች ማለት ይቀላል። ለቤት፣ ለአጥር፣ ለማገዶ በዙሪያዋ ያለው ጽድና ወይራ ተመንጥሮ አለቀ፤ እንጨት ፍለጋ የሚኬደው መንገድም በየዓመቱ ረዘመ። የቀደሙት መናገሻዎች የሄዱበት ዕጣ ይኸው ነበር፤ ማገዶው ሲርቅ ነገሥታቱ ድንኳናቸውን ነቅለው ይሄዳሉ። አፄ ምኒልክም ፊታቸውን ወደ ምዕራብ አዙረው አዲስ ዓለምን መሥራት ጀምረው ነበር።

ከተማዋን ከመነቀል ያዳናት ከባሕር ማዶ የመጣ ዛፍ ነው። የአውስትራሊያው ዛፍ ወደ ኢትዮጵያ የገባው በ1887 ዓ.ም. ገደማ ሲሆን፣ ብዙ ጊዜ ከፈረንሳዊው የምኒልክ አማካሪ ከሞንዶን ቪዳዬ ስም ጋር ይነሣል። ሕዝቡ ስም አውጣለት ሲባል የመጣበትን አየና ባሕር ዛፍ አለው። ነጩ ለደጋ፣ ቀዩ ለቆላና ለወይና ደጋ ተስማማ። ከተቆረጠ በኋላ ከጉቶው መልሶ ያቆጠቁጣል፤ አንዴ የተከለ ሰው ደጋግሞ ይቆርጣል። ከብት አይበላውም። በጥቂት ዓመት ቋሚ፣ ማገርና ወራጅ ይሆናል። አዲስ አበባም በቅጠሉ ሽታ የምትታወቅ ከተማ ሆነች።

ሙግቱም አብሮ ተወለደ። ባሕር ዛፍ ምንጭ ያደርቃል የሚለው ስሞታ ገና ያኔ ተሰምቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1913 ከተተከለው ሁለት ሦስተኛው ይነቀል የሚል ትእዛዝ እስከ መውጣት ደርሶ ነበር። ትእዛዙ ግን ሥራ ላይ አልዋለም፤ ቤት የሠራበትንና እንጀራ የጋገረበትን ዛፍ የሚነቅል ሰው ከየት ይመጣል? ከዚያ በኋላ ዛፉ ከከተሞች፣ ከአብያተ ክርስቲያናትና ከመንገዶች ጋር ወደ ደቡብ እየወረደ ሀዲያዋ ሆሳዕናና ከምባታዋ ዱራሜ ደረሰ፤ ገበሬውም ከእንሰቱ አርቆ በእርሻው ዳር ቦታ ሰጠው። ሥሩ የእንሰቱን ውኃ እንዳይሻማ አርቆ መትከሉ ማንም ተመራማሪ ያልመከረው ጥንቃቄ ነው።

የጣሊያን ወረራ የእንጨት መሰንጠቂያዎችንና የራሱን የደን ሚሊሻ ይዞ መጣ፤ አምስት ዓመት ቆይቶ ሄደ። ለእኛ ትረካ የሚበልጠው ከድል በኋላ የሆነው ነው። እንግሊዛዊው ሎጋን በመካከለኛውና በደቡብ ኢትዮጵያ ደኖች ላይ ያዘጋጀው ጥናት እ.ኤ.አ. በ1946 በኦክስፎርድ ታተመ። እ.ኤ.አ. በ1963 ደግሞ ፎን ብራይተንባህ የኢትዮጵያን ሀገር በቀል ዛፎች በመጽሐፍ ሰበሰበ። ኋላም ወልደሚካኤል ቀለቻ የዕፀዋቱን ስሞች ከተለያዩ የሀገሪቱ ቋንቋዎች ለቅሞ መዝገብ ሠራ። ይህን ሥራ በተለይ አከብረዋለሁ፤ ተመራማሪና ገበሬ ስለ አንድ ዛፍ እያወሩ መሆናቸውን የሚያውቁት ስሙን በሁለቱም አፍ ሲያገኙት ነውና።

ሕጉ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1965 ነው። ሦስት አዋጆች ተከታትለው ወጡ፤ አንዱ ለመንግሥት ደን፣ አንዱ ለግል ደን፣ አንዱ ደግሞ አፈርና ውኃን ለሚጠብቅ ደን። ሦስቱም «ደን» ሲሉ በዓይነ ኅሊናቸው የሚታየው ሰፊና የተከለለ ጫካ ነበር። በከምባታና ሀዲያ አውራጃ ያለው የእንሰት ጓሮ በየትኛውም አንቀጽ ውስጥ አልነበረም።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሆነ። ትልልቅ የግል ደኖች ወደ መንግሥት ዞሩ። ከእጁ ሊወጣ መሆኑን ያወቀ ባለመሬት መጥረቢያ ያነሣበት ቦታም ብዙ ነው። ዛፍ የሚተከለው ነገን በማመን ነው፤ በእነዚያ ዓመታት ነገ ማንም እጅ ላይ አልነበረም። እንዲህም ሆኖ ያ ዘመን ለዕውቀቱ መሠረት ጥሏል። በ1970 ዓ.ም. በስዊድን ድጋፍ በወንዶ ገነት የደን ተቋም ተከፈተ፤ ከሻሸመኔ ብዙም አይርቅም። ሀገሪቱ ከዚያ ወዲህ የደን ባለሙያዎቿን በገዛ ጫካዋ ጥላ ሥር ማሠልጠን ጀመረች። የደን ምርምር ማዕከልና የእንጨት አጠቃቀም ምርምር ማዕከልም ሥራቸውን ያደራጁት በዚያው ዘመን ነው።

ስለ እንጨት ምርምር ሲነሣ ብዙ ሰው ችግኝ ብቻ ይታየዋል። ከተቆረጠ በኋላ ያለው ሥራ ግን እኩል ከባድ ነው። ባሕር ዛፍን እንውሰድ። ዛፉ ቆሞ ሳለ ግንዱ እንደ ተወጠረ ገመድ ነው፤ የውጭው ክፍል ይሳባል፣ መሀሉ ይጨመቃል። ሲቆረጥ ውጥረቱ በድንገት ይለቀቅና ግንዱ ከጫፉ ይሰነጠቃል። ጣውላው ፀሐይ ላይ ሲጣል ደግሞ ይጣመማል። አናጢው ባሕር ዛፍን የሚጠላው ለዚህ ነው። መፍትሔው ረቂቅ ማሽን ብቻ አይደለም። የግንዱን ጫፍ ከፈጣን መድረቅ መከላከል፣ የአሰነጣጠቁን አቅጣጫ ማወቅ፣ ጣውላዎቹን በጥላ ሥር በመካከላቸው ቀጫጭን እንጨት እየጣሉ መደርደርና ነፋስ እንዲያልፍባቸው ማድረግ ነው። እርጥበቱ ቀስ ብሎ ወደ 12 በመቶ ገደማ ሲወርድ ጣውላው ቤት ውስጥ ይረጋል። የእንጨት ተመራማሪዎቹ እነጌታቸው ደሳለኝ ለዓመታት የደከሙት በዚህ ላይ ነበር፤ የየዛፉን እንጨት ክብደት፣ የመኮማተር መጠን፣ ጥንካሬና ለምስጥ ያለውን መቋቋም እየለኩ መዘገቡ። ለምስጥ ፈተናው የእንጨት ችካሎች አፈር ውስጥ ተቀብረው ዓመት እየቆጠሩ ይፈተሻሉ። ትዕግሥት የሚጠይቅ፣ ማንም የማያጨበጭብለት ሥራ ነው። ሞራሌና ጣውላ የሚገዛ ሁሉ ግን ውጤቱን ቢያውቅ ገንዘቡ ይተርፍለታል።

ከ1977ቱ ድርቅ በኋላ የምግብ ለሥራ ዘመቻ በየተራራው ችግኝ አስተከለ። ቁጥሩ ብዙ ነበር፤ ባለቤቱ ግን ሁሉም ነበር፣ ማለትም ማንም አልነበረም። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ በብዙ ቦታ የማኅበር ደን የተባለው በሳምንታት ውስጥ ተመነጠረ። ገበሬውን በዚህ የሚወቅሱ አሉ። እኔ አልወቅስም። ያ ሁሉ ሰው የራሱን ጓሮ ዛፍ አልቆረጠም፤ የቆረጠው የሚያዝበት ሌላ ሰው የነበረውን ዛፍ ነው። ይህን ልዩነት ያየ ባለሙያ ከመቶ ገጽ ጥናት የሚበልጥ ትምህርት ያገኝ ነበር።

ቀጥሎ የመጣው አዋጅ ቁጥር 94/1986 ኮሶ፣ ዋንዛ፣ ዝግባና ጽድ ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጡ ከለከለ። አሳቡ ትክክል ነበር፤ አራቱም ዛፎች እየተመናመኑ ነበርና። መዘዙ ያረፈው ጓሮ ላይ ነው። የአያቱን ዋንዛ ቆርጦ ጣውላውን ወደ ከተማ የሚያወርድ ገበሬ፣ እንጨቱ ከመንግሥት ደን አለመቆረጡን በኬላው ላይ በወረቀት ማስረዳት ያዘ። ወረቀቱን ለማግኘት ቀን ይባክናል፤ ነጋዴውም ይህን ስለሚያውቅ ዋጋውን ይሰብራል። ባሕር ዛፍ የሚተክል ሰው ግን ከዚህ ሁሉ ነፃ ነው። እንግዲህ በግማሽ ሄክታር መሬቱ ላይ ምን ቢተክል ይሻለዋል? ሕጉ ሊጠብቀው የወጣውን ዛፍ ገበሬው ለመትከል እንዲያመነታ አደረገው።

በእነዚያው ዓመታት ቤተ ሙከራው ጥሩ ነገር እየሠራ ነበር። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ለገሠ ነጋሽ ስለ ሀገር በቀል ዛፎች አረባብ መጽሐፍ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1995 ነው። ዝግባን ተመልከቱ፤ ፍሬው እንደ እንጨት የጠነከረ ሽፋን ስላለው መሬት ላይ ወድቆ ብዙ ጊዜ ሳይበቅል ይቆያል። ሽፋኑ በጥንቃቄ ሲነሣለት ግን ፅንሱ ይነቃል። ዝግባ የማይታዘዝ ዛፍ ነው ሲባል የኖረው የምሥጢሩ ቁልፍ ስላልታወቀ ነበር። የደን ተመራማሪው ደመል ተከታይ በበኩሉ በአፈር ውስጥ ተቀብረው የሚቆዩ ዘሮችንና የደጋ ደኖች እንዴት እንደሚያገግሙ አጠና። ከፈየራ ሰንበታ ጋር በሻሸመኔ ሙኔሳና በመናገሻ ባደረጉት ጥናትም በፈረንጅ ጽድና በባሕር ዛፍ ተከላዎች ሥር ሀገር በቀል ችግኞች ራሳቸው በቅለው አገኙ። የባዕዱ ዛፍ ጥላ ለአገሬው ዘር ማሳደጊያ ሊሆን እንደሚችል ታወቀ። «ባሕር ዛፍ ወይስ ሀገር በቀል» ብሎ ለሁለት የተከፈለው ክርክር ከዚህ በኋላ እንደ ድሮው ሊቀጥል አይገባም ነበር። እስከ ዛሬ መቀጠሉ ያሳዝነኛል።

ከ1990ዎቹ ወዲህ የሆሳዕናና የዱራሜ አካባቢ ወጣቶች በብዛት ወደ ደቡብ አፍሪካ ወጡ። የላኩት ገንዘብ ቤት ሆነ፤ ፎቅ ሆነ። ቤትና ፎቅ ደግሞ አጣና ይፈልጋል፤ ሲሚንቶው እስኪጠነክር የሚሸከመው፣ ግንበኛው የሚወጣበት መወጣጫ ሁሉ ባሕር ዛፍ ነው። ስለዚህ የጆሃንስበርግ ሱቅ ትርፍ ዞሮ የሀደሮ ገበሬ ዛፍ ዋጋ ውስጥ ገባ ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ሀደሮ ግን በዛፍ ሳይሆን በዝንጅብል ነበር የምትታወቀው። በ2004 ዓ.ም. የባክቴሪያ አጠውልግ በሽታ ዝንጅብሉን መታው። በከምባታ፣ በሀዲያና በወላይታ ማሳው በአንድ ወቅት ቢጫ ሆኖ ወደቀ፤ ዘር የሚሆነው እንኳ ተበከለ። ለዓመታት የልብስ፣ የትምህርት ቤትና የሠርግ ወጪ የሸፈነ ሰብል ነበር። በአንድ ሰብል ላይ የተንጠለጠለ ቤት ምን ያህል ስስ እንደሆነ የታየው ያኔ ነው። ጓሮው ዳር ዛፍ የቆመለት ሰው ቢያንስ የሚሸጠው ነበረው። ተመራማሪዎች «ጥምር ግብርና» ብለው የሚጽፉለት ዛፍን ከሰብል ጋር የማልማት ነገር በዚያ ዓመት ለሀደሮ ገበሬ የትምህርት ርዕስ ሳይሆን የኑሮ ጉዳይ ነበር።

ከሀደሮ በስተደቡብ ወላይታ ነው። ከዚያው ዞን ሁምቦ ተራራ ላይ በእነዚያው ዓመታት የሆነው ነገር ከሀገር አልፎ ተሰማ። ተራራው ለማገዶና ለከሰል ተራቁቶ ነበር። በ1998 ዓ.ም. ወርልድ ቪዥን ኢትዮጵያ ከአካባቢው ሕዝብ ጋር ሥራ ጀመረ። ዘዴው ከኒጀር የመጣ ነው፤ አውስትራሊያዊው ቶኒ ሪናውዶ እ.ኤ.አ. በ1983 በኒጀር በረሃማ ማሳ ላይ ቁጥቋጦ የመሰለው ነገር የተቆረጠ ዛፍ ጉቶ መሆኑን አስተዋለ። ሥሩ ሕያው ነው፤ የጎደለው የሚጠብቀው ሰው ብቻ ነበር። በሁምቦም እንዲሁ ተደረገ። 2,728 ሄክታር ከከብትና ከመጥረቢያ ተከለለ፤ ከጉቶው የወጡት ቀንበጦች ተመርጠው ተገረዙ። አብዛኛው ደን የተመለሰው አዲስ ችግኝ ተተክሎ ሳይሆን ከአሮጌው ሥር ነው። ሰባት የኅብረት ሥራ ማኅበራት የመጠቀም መብታቸው በወረቀት ተረጋገጠላቸው። እ.ኤ.አ. በ2009 መጨረሻ ፕሮጀክቱ በተባበሩት መንግሥታት የአየር ንብረት ስምምነት የንጹሕ ልማት ዘዴ ተመዘገበ፤ የዓለም ባንክም 165,000 ቶን የካርቦን ክምችት ለመግዛት ተዋዋለ። ከገንዘቡ ማኅበራቱ የእህል ጎተራና ወፍጮ ቤት ሠሩ። እኔን ከካርቦኑ ይልቅ የሚገርመኝ ያ የመብት ወረቀት ነው። ከ1977ቱ ድርቅ በኋላ የተተከለውና በ1983 የተቆረጠው ደን የጎደለው እሱ ነበር።

የአካባቢና ደን ሚኒስቴር በ2005 ዓ.ም. ተቋቋመ፤ እ.ኤ.አ. በ2014 ደግሞ ደን ከግብርና ምርምር ጥላ ወጥቶ የራሱን የአካባቢና የደን ምርምር ኢንስቲትዩት አገኘ። በ2007 ዓ.ም. የካቲት ወር «ደን» ለሚለው ቃል አዲስ ትርጉም ተሰጠው፤ ቢያንስ ግማሽ ሄክታር ስፋት፣ 2 ሜትር ቁመትና 20 በመቶ የቅጠል ሽፋን ያለው ሁሉ ደን ተባለ። የቆላው የእንጨት ምድርና ቀርከሃው ተቆጥረው ከ4 በመቶ በታች ይባል የነበረው የሀገሪቱ የደን ሽፋን ወደ 15.5 በመቶ ገደማ ወጣ። በአንድ ሌሊት የበቀለ ዛፍ የለም፤ የተለወጠው መስፈሪያው ነው። ግማሽ ሄክታር የሚለውን ልብ በሉልኝ። የአንድ የሀደሮ ገበሬ ጓሮ ለብቻው ሲለካ ዋንዛው፣ ብርብራውና ብሳናው ሁሉ እያለ ከዚህ መስፈሪያ በታች ይቀራል።

አዋጅ ቁጥር 1065/2010 ግን አንድ ትልቅ በር ከፈተ። የግል፣ የማኅበረሰብ፣ የማኅበርና የመንግሥት ደን ብሎ አራት ባለቤትነትን አወቀ፤ የሚያለማውን የሚያበረታታ ድንጋጌም አስገባ። በ2011 የአረንጓዴ ዐሻራ ዘመቻ ተጀምሮ ችግኝ መትከል የክረምት ሁሉ ዜና ሆነ። በ2015 ዓ.ም. የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት ሀዲያና ከምባታ በዚያ ውስጥ ገቡ፤ የሆሳዕናው ዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ የዱራሜ ካምፓስም ከሀደሮ ቅርብ ነው። የጓሮውን ዛፍ የሚለካ ተማሪ ከሩቅ መምጣት አያስፈልገውም።

የሚለካውም ሞልቷል። ዛሬም ገበሬው ባሕር ዛፉን የሚሸጠው በቁሙ፣ በነጋዴ ዓይን ግምት ነው። ግንዱ ስንት ሜትር ኩብ እንደሚወጣው፣ አጣና ሆኖ ከሚሸጥ አምስት ዓመት ቆይቶ ጣውላ ቢሆን ምን እንደሚያተርፍ የሚነግረው ሠንጠረዥ በእጁ የለም። ዋንዛው ለቡናው የሚሰጠው ጥላና ኋላ የሚያወጣው ጣውላ አንድ ላይ ተደምሮ አልተሰላለትም። ጥላ ሥር የሚደረደር ጣውላ ዋጋው ከእርጥቡ በስንት እንደሚበልጥ ያየም ጥቂት ነው።

በገበያ ቀን አይሱዙው አጣናውን ጭኖ ወደ ሆሳዕና ሲወጣ ማሳው ዳር ትኩስ ጉቶ ይቀራል። ዝናቡ ሲመጣ ከየጉቶው ብዙ ቀንበጥ ይወጣል። ባለቤቱ ማጭዱን ይዞ ይሄድና ሁለት ወይም ሦስቱን ቀጥ ያሉትን ያስቀራል፤ ሌላውን ይመለምላል። የተመለመለውን ሴቶቹ ለምድጃ ይሰበስቡታል።